አምስት ምንጭና አንዲት «ዞ»

ጥር 6 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎንም አክስቴንም በደህና ታግኛችሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ የሚያሰማው ቀጭ ቀጭታ ቆመ ወይስ አክስቴ ለመደችው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ማብዛቴን አይታዘቡኝ። እርስዎ ስልክ ሲያነሱ «ደህና ነን፣ ደህና ነሽ፣ በይ እንዳይቆጥርብሽ» ብለው ይዘጋሉ፤ በወረቀት ግን ጨዋታዎ አያልቅም።

ሥራዬ ያው እንደሚያውቁት ነው፤ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። አንሶላ ይመጣል፣ አንሶላ ይታጠባል፣ አንሶላ ይታጠፋል። እጄ ከመልመዱ የተነሳ ቤቴ ገብቼ የእጅ ፎጣዬን እንኳ ጠርዝ ከጠርዝ ካላገጣጠምኩ አልቀመጥም። አሁን ግን ከዚያ የምወጣበት በር ተገኝቷል። ሦስተኛ ፎቅ ካርድ ክፍል ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ጡረታ ልትወጣ ነው። ክፍሉ መስኮት አለው አጎቴ! ኃላፊዋ «የኮምፒውተር መግቢያ ትምህርቱን ካለፍሽ ወንበሩ ያንቺ ነው፤ እስከ ሐምሌ እጠብቅሻለሁ» ብላኛለች።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ኮሌጅ ነኝ። ታይፕ ማድረጉን ለመድኩት። ማውስ የምትባለዋንም መጀመሪያ ከጠረጴዛ ላይ እየጣልኳት ነበር፣ አሁን ተግባብተናል። የቀረኝ የመጨረሻው የጥናት ጽሑፍ ነው፤ ስምንት ገጽ፣ ሰኔ 12 ቀን የሚገባ። አስተማሪው ደግሞ አምስት ምንጭ ያላመጣ ሰው ወረቀቱን አልቀበለውም ብሏል። እኔ እስካሁን አንድም ምንጭ የለኝም። እርስዎ ዕድሜዎን በውሃ መሥሪያ ቤት ያሳለፉ ሰው ነዎትና የሚያውቁትን ሁሉ ቢጽፉልኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

ለእኔ አታስቡ፤ ሁሉ ነገር በጥሩ ሁኔታ እየሄደልኝ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 29 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

የላይኛው ፎቅ ይቅናሽ፤ እስከዚያው ምድር ቤቱም ይባረክልሽ። ጉልበቴ ቀጭ ማለቱን ትቶ አሁን ሲጥ ይላል፤ አክስትሽ ዘይት አስገባበት ብላኛለች። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ኮሌጅሽ ቁም ነገረኛ መሆኑን ከደብዳቤሽ ተረዳሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ስለ ምንጭ ይጠይቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ቧንቧ የሚከፍት ሰው በዝቷልና አስተማሪሽ ልክ ነው። እንግዲህ ደብተር ያዢ።

የመጀመሪያው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለው ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ሰማንያ እስክቆጥር ይፈጅበታል፤ ክረምት ከበጋ አይለዋወጥም። እንደሱ ያለ ጨዋ ምንጭ አላየሁም። ሁለተኛውን እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ሰነፉ» እንለው ነበር፤ ሰው ሲጠማ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲዘንብ እሱም ይበረታል። ሦስተኛውና አራተኛው ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ ጥርስ የሚያስነክስ ቀዝቃዛ ነው። ለምን እንደሆነ መሐንዲሶች መጥተው ተከራክረው ሳይስማሙ ምሳ በልተው ሄደዋል። አምስተኛው ከጋራዡ ሥር የሚፈልቀው ነው። እሱ ምንጭ አይደለም፤ የፈነዳ ቧንቧ ነው። ሕዝቡ ምንጭ ነው ብሎ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲቀዳ እኛም አፍረን ዝም አልን። አንቺ ግን ለአስተማሪሽ እውነቱን ንገሪው፤ የትምህርት ነገር ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ብትልኪልኝ። ጠዋት ጠዋት የቤታችንን የውሃ ቆጣሪ አንብቤ እመዘግባለሁ፤ በተራው ደብተር ላይ ቁጥሮቼ ይንሻፈፋሉ።

አጎትሽ


የካቲት 20 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ፤ እንዲህ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ደብዳቤዎን ማጠቢያ ማሽኑ እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ ሳነብ «የፈነዳ ቧንቧ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ በሳቅ ፈነዳሁ። ጓደኞቼ ምን ሆነች ብለው ከበቡኝ። አሁን ምድር ቤቱ በሙሉ የሚሰንፍ ሰው ሲያይ «ሁለተኛው ምንጭ» ይለዋል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተማሪው ምንጭ የሚለው ውሃውን ሳይሆን ወሬውን ነው። የጻፍኩትን ከየት እንዳገኘሁት፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳነበብኩት ወይም ከማን አፍ እንደሰማሁት ማሳየት አለብኝ። እሱ ይባላል ምንጭ። የእርስዎን ምንጮች ግን አልጥላቸውም፤ አልጋዬ ራስጌ ሰቅያቸዋለሁ።

ርዕስም አግኝቻለሁ፦ «ኮምፒውተር አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ ምን ይለወጣል?» የሚል ነው። አራት መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት አወጣሁ፤ አራት ምንጭ ሆኑ። አምስተኛው ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው መሆን አለበት። ያለ እሱ ሰው ጽሑፌ አያልፍም። ኮምፒውተር ውሃ መሥሪያ ቤት ሲገባ እርስዎ እዚያው ነበሩ አይደል? መጀመሪያ የመጣ ቀን ምን ይመስል ነበር? ማን ነካው? ማን ፈራው? በልጅነቴ መንገድ ላይ የሥራ ባልደረቦችዎ «ሐይቁ! ሐይቁ!» እያሉ ሲጠሩዎት የውሃ ጌታ ስለሆኑ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ያን ጊዜ ያላወሩኝን አሁን ያውሩኝ።

ደብተሩን ለብቻው ልኬያለሁ፤ መቶ ቅጠል ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብተሩ ደርሶኛል፤ ቁጥሮቼ ቀጥ ብለዋል፤ ተባረኪ። የዘገየሁት ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው።

ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም። እኔ በመጨረሻ የሠራሁት ቧንቧ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ነበር። ሌላ ሰው ጠይቂ። ይልቅ የምንጮቹን ነገር ካስፈለገሽ ስድስተኛ ትዝ ብሎኛል።

አጎትሽ

(በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ)

የኔ ቆንጆ፣ እሱ ሳያይ ነው የምጽፍልሽ፤ አሁን ቆጣሪውን ሊያነብ ወጥቷል። ጉንፋን የሚባል ነገር አልያዘውም። ደብዳቤሽን ካነበበ ጀምሮ ኩርፍ ብሎ ሰነበተ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ግምጃ ቤት የጣሉት ያ ማሽን በመጣ በአራተኛ ወሩ ነው። ተሳሳትክ ብለውት ነው። «ሐይቁ» ያሉትም ያን ጊዜ ነው፤ ለሙገሳ እንዳይመስልሽ፣ ለማላገጥ ነው። ለእኔም አጥርቶ ነግሮኝ አያውቅም። አንቺ ግን ጠይቂው። አንቺን እምቢ ማለት አይችልበትም። እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ።


ሚያዝያ 14 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ጉንፋንዎን ይማርልኝ። ሳል ከሌለው ጥሩ ነው።

ዛሬ አንድ ውሸቴን ላወጣ ነው። በጥር «ሁሉ ነገር በጥሩ ሁኔታ እየሄደልኝ ነው» ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ውሸት ነው። ይህን ትምህርት ስወስድ ሁለተኛዬ ነው። አምና እስከ መጨረሻው ደርሼ የጥናት ጽሑፉን ማስገባት አቅቶኝ ወደቅኩ። ስምንት ቀን ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጬ «እኔ አንሶላ አጣፊዋ ምን ቁም ነገር አውቄ ነው የምጽፈው» እያልኩ አንድ መስመር ሳልጽፍ ቀኑ አለፈ። ለእናቴም ለማንም አልተናገርኩም። ሦስተኛ ዕድል የለም፤ ካርድ ክፍልም ከሐምሌ በኋላ አይጠብቀኝም። ዘንድሮ ደፍሬ የተነሳሁት አምስተኛው ምንጭ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ነው።

አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ያለንን ልንገርዎ። ጠመኔውን ይዞ «ኮምፒውተር ብልህ አይደለም። ያልተነገረውን አያውቅም። ይህን ከያዛችሁ ግማሹን ተማራችሁ» አለን። እኔ ማሽን የሚያውቀው ሁሉን ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ታሪኩን መጻፍ ከከበደዎት ይተውት። ግን ምን ቆጣሪ ነበር? ስንት ብለው አነበቡ? ማሽኑስ ስንት አለ? ቁጥሮቹን ብቻ ይጻፉልኝ። እርስዎ ቁጥር የሚረሱ ሰው አይደሉም።

እየጠበቅኩ ነው፤ ቀኑም እየሄደ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

አክስትሽ ወረቀት እንደከተተች አውቄያለሁ። ስኳሩ ጠረጴዛ ላይ ፈሶ መጠቅለያው ሲጠፋ ምን ልበል? ይሁን። አንቺ ውድቀትሽን ከነገርሽኝ እኔ ሽማግሌው ምን ቤት ነኝ። ስሚ።

ማሽኑ የመጣው በሁለት ሣጥን ነው። ክፍሉ ቀለም ተቀባለት፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፤ አቧራ አይወድም ተብሎ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው። አንዱ ባልደረባችን ካልሲው ስለተቀደደ ሳምንት ሙሉ አልገባም።

አሁን ስለ ቆጣሪ። የድሮው ቆጣሪ አራት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። 9999 ከደረሰ በኋላ ቦታ ስለሌለው 0000 ይልና እንደ አዲስ ይጀምራል። እኛ «ዞረ» እንለዋለን። በመዝገብ ጊዜ፣ የዞረ ቆጣሪ ስናገኝ ከቁጥሩ አጠገብ «ዞ» ብለን እንጽፍ ነበር። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ «ዞ»ን ሲያይ አሥር ሺህ ጨምሮ ያለፈውን ወር ቁጥር ይቀንሳል፤ አለቀ። ማሽኑ ሲመጣ ግን አዲስ ቅጽ ሰጡን። አራት ሣጥን ብቻ ነው ያለው። «ማሽኑ ፊደል አይበላም፤ ከሣጥኑ ውጪ አንዲት ነጥብ እንዳትወጣ» ተባልን። «ዞ» በዚሁ ቀረች። እኔም አልተከራከርኩም። አንድ ጀማሪ በመጀመሪያ ሳምንቱ የሚማረውን፣ ይኼ ጫማ የሚወለቅለት ዕቃ ያጣዋል ብዬ በምን አስቤ!

በአራተኛው ወር አንዲት ባልቴት የውሃ ቢል ይዘው መጡ። ባለ አበባዋ እንላቸው ነበር። በዚያን ወር 9988 ሜትር ኩብ ውሃ ተጠቅመዋል ይላል። ክፍያ መስኮቱ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ እኔ ያለኝ ሁለት ጣሳ አበባ ነው። ሐይቁን ማን ጠጣው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃዬ ጠራኝ። «ማሽን አይሳሳትም፤ ቁጥር አሳስተህ ጽፈሃል» አለኝ። ቆጣሪው ዞሯል አልኩት። «እሱንማ ማሽኑ ያውቃል» አለኝ። እኔም አመንኩት። ቅጾቹ ከተመዘገቡ በኋላ ተጥለዋል፤ የሴትዮዋም ቆጣሪ በማግስቱ ተነቅሎ በአዲስ ተተካ። ምን ይዤ ልከራከር? ግምጃ ቤት ገባሁ። ስሜም «ሐይቁ» ሆነ።

በኪስ ማስታወሻዬ ያለው እንዲህ ይላል፦ ያለፈው ወር 9994። የዚያ ወር 0006።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዓይኔ ነው ወይስ እጄ ያታለለኝ? ቅጹ ላይ የጻፍኩት ኪሴ ውስጥ የጻፍኩትን ነው? ጠዋት ጠዋት የቤታችንን ቆጣሪ የማነበው ለዚህ ነው። አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። የዚያችን ቀን ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም።

ይኸው ነው። ለጽሑፍሽ ከረባ ውሰጂው፤ ካልረባ ቅደጂው።

አጎትሽ


ግንቦት 29 ቀን

አጎቴ፣ አጎቴ፣ አጎቴ!

ሰላምታውን ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ይቀመጡ።

ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሠንጠረዥ መሥሪያውን ከፍቼ ማሽኑን እንደ እናንተ ማሽን አደረግኩት። ስለ «ዞ» ምንም አልነገርኩትም። የዚህን ወር አስገባሁ፣ 6። ያለፈውን ቀንስ አልኩት፣ 9994። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 9988። ከፊቷ አንዲት ትንሽ ሰረዝ አለች፤ ከዜሮ በታች ነው ማለት ነው። የእናንተ ቢል ላይ ለሰረዝ ቦታ አልነበረም ይሆናል። ሰረዟ ወደቀችና ሐይቁ ቀረ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባዎት? ማሽኑ 9988 ሊል የሚችለው እርስዎ 0006 ብለው በትክክል ጽፈው ከሆነ ብቻ ነው! 0007 ቢጽፉ 9987 ይል ነበር፤ 0060 ቢጽፉ 9934 ይል ነበር። እኔ ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። ዓይንዎም እጅዎም አላታለለዎትም። ባለ አበባዋ የተጠቀሙት 12 ሜትር ኩብ ነው። የተሳሳተው ማሽኑን ያዘዘው ሰው ነው፤ «ዞ»ን አልነገረውም።

ለአስተማሪዬ አሳየሁት። ደጋግሞ ሠራው፤ ከዚያ ተማሪውን ሁሉ ጸጥ አሰኝቶ ሰሌዳው ላይ 0006 ብሎ ጻፈ። ከጎኑ «ዞ» ጻፈና «ይህችን ፊደል ለኮምፒውተር ማስተማር የማን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀን። «የእኛ ነው» አለ።

ስምንቱ ገጽ በሁለት ቀን አለቀ፤ እንዲያውም ዐሥራ አንድ ሆኖ ሦስቱን ቆረጥኩ። አምና ባዶ ወረቀት የፈራችው ሴት እኔ አልመስልም። ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ምን እንዳሉ መስማት እፈልጋለሁ።

አሁን ሰላምታው፦ እንደምን ሰነበቱ?


ሐምሌ 4 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ቤታችሁን ሰላም ያድርግልኝ። ለግንቦቱ ደብዳቤዬ መልስ ሳይመጣ ወሩ አለፈ። ቁስልዎን ነካክቼ አስቀየምኩዎት ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አልፌያለሁ! ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ነኝ። ምድር ቤት ያሉት ጓደኞቼ መሸኛ ብለው አንድ አንሶላ አጥፈው ሰጡኝ፤ ዳር ላይ በክር «ሁለተኛዋ ምንጭ» ብለው ጠልፈውበታል።

ጽሑፉን በታይፕ እንዳለ አብሬ ልኬያለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ የምንጮቹን ዝርዝር ይመልከቱ። አስተማሪው በቀይ «መጽሐፍ መጀመሪያ ይመጣል፣ ሰው መጨረሻ» ብሎ አርሞኛል። እኔ ግን አንደኛ ያደረግኩት ሰውዬውን ነው፤ አንድ ነጥብ ቢቀነስብኝም አልቀየርኩትም።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 30 ቀን

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ለእህቴ ልጅ፣

ወንበርሽ የተመቸ፣ መስኮትሽ ብርሃን የማይለየው ይሁን። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። የግንቦቱን ደብዳቤ እንዳነበብኩ ያንቺን ደብተር አውጥቼ ቅነሳውን ሠራሁት። ደግሜ ሠራሁት። አክስትሽ ስትገባ እያለቀስኩ አገኘችኝ፤ ሰው ሞተ ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ማንም አልሞተም ብዬ በሳቅ በለቅሶ አስረዳሁ። አላመኑኝም፤ ከጎረቤቶቹ ሁለቱ እስኪመሽ ሊያጽናኑኝ ተቀመጡ።

መልሱን ያዘገየሁት በእቅድ ነው። አለቃዬን ታስታውሻለሽ? ሰማንያ ሊሞላው ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ ፀጉር ቤት እንገናኛለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ብቻ አውርተናል። እሱ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ አያምንም፤ የሚያምነው በማሽን የተጻፈ ብቻ ነው። ስለዚህ ታይፑ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

ቅዳሜ ያንቺን ወረቀት ይዤ ገባሁ። አለቃዬ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተቀምጧል። ጮክ ብዬ ከአንደኛው ገጽ ጀመርኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆመ። ቁጥሮቹ ጋ ስደርስ አለቃዬ እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣና «እርሳስ» አለ። ጋዜጣ ዳር ላይ ቀነሰ። ሰረዘውና እንደገና ቀነሰ። መነጽሩን አወለቀ።

«ዞሯል» አለ።

«አዎ፣ ዞሯል» አልኩት።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር ጌታዬ።»

ጫማዬን ተመለከተ። ከዚያ «ጫማ አስወልቄያችሁ ነበር አይደል?» አለ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ፀጉር ቤቱ በሙሉ። አስተካካዩ ለምዶበት «በል ሐይቁ፣ ቀጣዩ አንተ ነህ» ሲለኝ አለቃዬ ግማሽ ፀጉሩ እንደተቆረጠ ብድግ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው በዚያ ስም የሚጠራ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው» አለ።

ዛሬ ጠዋት ቆጣሪ አላነበብኩም። አክስትሽ አመመህ እንዴ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን አራተኛውን ገጽ ተመልከቺ። አለቃዬ በገዛ እጁ፣ ከ0006 አጠገብ «ዞ» ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይታ ቦታዋን አገኘች። አስተማሪሽ የፈለገውን ነጥብ ይቀንስ፤ ስድስተኛ ምንጭ አድርጊያት።

አጎትሽ፣ ቆጣሪ አንባቢው